የልጄ ጉንጭ

ዓምና ክረምት ሊገባ ሲል ሞጣ ላይ የገጠመኝ ነው። ዛሬም ጉንጫም ሕፃን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ቢቸና የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። እጄን ቁርጥማት ይዞኝ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። ለዚህም ሐኪም ያዘዘልኝን ነጭ ክኒን እውጣለሁ። ከዚያ የሰባት ዓመቷ ልጄ ቤዛ ጉልበቷ አብጦ፣ ከእንቅልፏ ስትነሳ ማነከስ ጀመረች። ያው የኔው በሽታ ነው አልኩ። ሐኪም ቤት ስመላለስ ስፌቱ ይቆምብኛል ብዬ የራሴን ክኒን ለሁለት እየከፈልኩ ሰጠኋት።

ብዙም ሳይቆይ ስትሮጥ አየኋት። ፊቷም ክብ አለ። ጎረቤቶቼ «ምን እያበላሻት ነው እንዲህ ያማረባት?» ሲሉኝ፣ አላፍርም፣ «ገንፎ ነው» እላለሁ። ኩራቴ ሌላ ነበር።

ለወንድሜ ልጅ ክርስትና ሞጣ ሄድን። ዘመድ ሁሉ «ተመችቷታል!» እያለ ጉንጯን ሲስም ዋለ። አመሻሽ ላይ የወንድሜ ሚስት እግሯን ልታጥባት ጫማዋን ስታወልቅ ጮኸች።

«ኧረ በማርያም! ይቺ ልጅ እግሯ መግል ይዟል እኮ!»

ከሳምንት በፊት ተረከዟ ላይ ያየኋት ትንሽ ጭረት ሰፍታለች። ቤዛ ግን አላለቀሰችም፣ አላተኮሳትም።

በማግሥቱ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሟ ከእግሯ ይልቅ ፊቷን ትኩር ብላ አየችና ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጠየቀችኝ።

«ምንም» አልኩ።

«የእማዬን እኮ ነው የምውጠው» አለች ቤዛ።

ክኒኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳሳያት ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህ በሽታ የሰውነታችን ዘበኞች ጠላት ሳይኖር እየተጠራሩ የገዛ መገጣጠሚያችንን እንደሚደበድቡ፣ ክኒኑ ደግሞ ጩኸታቸውን እንደሚያፍን አስረዳችኝ። «ታፍነው ሳሉ እውነተኛው ጠላት በእግሯ ገባ፤ የሚጮህላት አልነበረም» አለችኝ። የጉንጯም መሙላት ምቾት ሳይሆን የክኒኑ ሥራ ነበር። የልጆች ቁርጥማት የራሱ ምርመራና የራሱ ሕክምና አለው።

«ዛሬውኑ አስቆማታለሁ» ስላት ደነገጠች። በድንገት ማቆምም አደጋ ነው፤ ሐኪሞቹ እያዩ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ስለዚህ ቁስሏ ከዳነ በኋላም ያንኑ ክኒን በዚያው እጄ በየጠዋቱ መስጠቴ አልቀረም። 

አሁን ለሷ የታዘዘላትን ትወስዳለች። ጉንጯ ጎድሏል። ሰው «ምነው ከሳችብሽ?» ሲለኝ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ።

ትናንት መድኃኒቷን ስሰጣት መዳፏ ላይ አድርጋ አየችውና፣ «እማዬ፣ ይኼ የኔ ነው ያንቺ?» አለችኝ።

«ያንቺ ነው» አልኳት። እስክትውጠው ድረስ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።