ወዴት ዞሮ መተኛት

ከምናስተምረው ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ በጀርባ ተንጋልሎ፣ ዓይንን ከድኖ፣ ምንም አለማድረግ። ዮጋ ማስተማር ስጀምር ይህን አላውቅም ነበር። ወገብ ማጠፍና በአንድ እግር መቆም ያዳግታቸዋል ብዬ የሰጋሁላቸው ጡረተኞች እያማረሩም እየሳቁም ተወጡት። ያቃታቸው ዝም ብሎ መጋደም ነበር።

የምንሰበሰበው ሲግናል አካባቢ በሚገኝ የእድር አዳራሽ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፍተን ሲሚንቶው ላይ የስፖንጅ ምንጣፍ እንዘረጋለን። በመጀመሪያው ቀን መዳፎቼን ደረቴ ላይ ገጥሜ ጎንበስ ያልሁት ትምህርቱ ማብቃቱን ለማመልከት ነበር፤ እነሱ ግን ምርቃት መስሏቸው በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ። አላረምኋቸውም። ዛሬም «አሜን» ይላሉ፤ ጉርድ ሾላ ጨርቅ የሚነግዱት የስልጤ ሴት ደግሞ ከሁሉም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሚን» ይላሉ።

አንድ ማለዳ እኚሁ ነጋዴ ቤታቸው በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ሴትዮዋ ጥቁር ሻሽ አስረው ነበር፤ ወይም ዛሬ ሳስበው ሻሹን በሐሳቤ ጥቁር ያደረግሁት እኔው እሆናለሁ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል።

«አሰልጣኝ፣ ይቺን ሴትዮ አስተኛልኝ» አሉ ነጋዴዋ። «ሌሊቱን ሙሉ ስትንጎራደድ እየሰማሁ እኔም ከእንቅልፍ ልጣላ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ስታንኮራፊ ስሰማሽ የማድረው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እንግዲያው ሁለታችንንም ያስተኛና!»

ያን ዕለት ሴትዮዋ ያልሁትን ሁሉ ተከተሉ፤ ትንፋሻቸውንም ከነባሮቹ ቀድመው አሰከኑ። መጨረሻ ላይ «በጀርባችን እንጋደም፣ እጃችንን በጎናችን እናሳርፍ» ስል ግን ተቀምጠው ቀሩ። አጠገባቸው ሄጄ ተንበረከክሁ።

«እናቴ፣ ወገብዎን አመመዎት?»

«የለም፣ ልጄ። እኔ እንዲህ አልተኛም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱን እንዲህ ነው ያጋደሙት። እግሩን ገጥመው፣ አውራ ጣቶቹን በፈትል አስረው።» ከዚያም ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ወደተቀመጠው የእድሩ ድንኳን በአገጫቸው አመለከቱ። «ያም ደጃችን ላይ የተተከለው ነው።»

ይህ አተኛኘት በመጣበት አገር ቋንቋ የሬሳ አተኛኘት እንደሚባል ከመጻሕፍት አውቅ ነበር። በአማርኛ «ዕረፍት» እያልሁ ሸፍኜው ነበር። እሳቸው ስሙን ማንም ሳይነግራቸው ለዩት።

«ቤትዎ እንዴት ነው የሚተኙት?» አልኋቸው።

«በጎኔ ነበር፤ ወደሱ ዞሬ። አሁን ወዴት ልዙር?»

ስለ ትንፋሽና ስለ ነርቭ ያነበብሁት ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አልተጻፈም። ማድረግ የቻልሁት ሴትዮዋን ከድንኳኑ ማራቅ ብቻ ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም በሚኒባስ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ወዳለው የእንጦጦ ዳገት ወሰድሁ።

ባሕር ዛፉ ሥር የረገፈው ቅጠል ደርቆ በወፍራሙ ተነጥፏል፤ ምንጣፋችንን እሱ ላይ ዘረጋን። የዕረፍቱ ሰዓት ሲደርስ እያንዳንዱ እንዳሻው ይጋደም አልሁ። ሴትዮዋ እንደ ባለፈው ቁጭ አሉ። ነጋዴዋ አንድ ጊዜ አይተዋቸው ምንጣፋቸውን እየጎተቱ መጡና አጠገባቸው በጎናቸው ተጋደሙ።

«ነይ፣ ወደ እኔ ዙሪ። ፊቴ እንደሆነ እንደ ባልሽ አያምር፤ ዓይንሽን ጨፍኚው።»

ሴትዮዋ ሳቁ። ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉና ዞረው ተጋደሙ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳወራ እጠነቀቃለሁ። እኔ የማስታውሰው ረጅም እንቅልፍ ነው፦ ጥላው ከላያቸው ሸሽቶ ሲሄድ፣ ሌሎቹም እንዳይቀሰቅሷቸው በምልክት ሲነጋገሩ፣ ቀስ ያለ ማንኮራፋትም ስሰማ። ነጋዴዋ ግን ቆሎ ዘግኖ ለመጨረስ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነበር ይላሉ። ሴትዮዋ ደግሞ ጭራሽ አልተኛሁም ባይ ናቸው።

«ታዲያ ያንኮራፋው ማን ነበር?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«እሷ ናታ!»

ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። ሁለቱም ነጠላ ተከናንበው ነበር፤ ድምፁ ከየትኛው እንደወጣ ለይቼ ነበር ብል እዋሻለሁ። ሴትዮዋ እንዲተኙ አጥብቄ ስለተመኘሁ፣ የተመኘሁትን እንዳየሁት አድርጌ ይዤው ሊሆን ይችላል።

የማልጠራጠረው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ወደ አዳራሹ ስንመለስ ሴትዮዋ ምንጣፋቸውን ከነጋዴዋ ምንጣፍ ጋር አጋጥመው ዘረጉ። ድንኳኑ ከቦታው አልተነሣም። ጎንበስ ብዬ፣ ሁሉም «አሜን» ብለው ሲበተኑ፣ ሴትዮዋን አሁን ሌሊት ይተኙ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሁልጊዜ አይደለም» አሉ ጫማቸውን እያጠለቁ። ከዚያ ነጋዴዋ ወደ በሩ ማለፋቸውን አረጋግጠው ወደ ጆሮዬ ቀረቡ። «አልጋዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት። ወደዚያ እዞርና ስታንኮራፋ እሰማታለሁ፤ እንዲያው እየሰማኋት ይወስደኛል። እንዳትነግራት።»