አብረን ውለን እኔ ብቻ «ቀሪ»

ልጄ ዛሬ ከኮሌጅ መጥታ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችው። «ቀሪ አብዝተሻል ብለው ፈተና ከለከሉኝ!»

የቀረችው እኮ ኮሌጁ ራሱ እንጦጦ ሄዳችሁ ችግኝ ትከሉ ብሏቸው ነው! አብረዋቸው የተከሉት መደበኛ ተማሪዎች ምንም አልተባሉም። ሕጉ የሚበረታው እንደ ልጄ ባለ የሬሜዲያል፣ የማካካሻ ትምህርት ተማሪ ላይ ብቻ ነው።

ደሜ ፈላ። እኔም በደርግ ጊዜ ይቺን ቀምሻታለሁ።

ያኔ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ክፍል ነበርኩ። ቀሪ ያበዛ ይባረራል። አንድ ቀን ታዲያ እዚሁ ጉለሌ ቀበሌያችን በትምህርት ሰዓት ሰልፍ ጠራ። ከሰልፍ የቀረ ደግሞ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። እናቴ «ትምህርቱ ይደርሳል፣ ውጪ» አለችኝ።

ወጣሁ። መፈክር የተጻፈበትን ጨርቅ አንዱን ጫፍ ያዢ ተባልኩ። ሌላውን ጫፍ የያዙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የእንግሊዝኛ መምህራችን! ለካ የኛው ቀበሌ ነዋሪ ናቸው።

አብረን «ይውደም!» ስንል ዋልን። ድምፃቸው ከኔ ይበልጥ ነበር፤ እሳቸውም ቤት ስኳር አልቆ ነበር መሰለኝ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠሩ እኔ ጋ ደርሰው፣ «ትናንት ቀሪ ነሽ» አሉኝ።

«መምህር፣ ጨርቁን አብረን ይዘን አልነበር እንዴ? እርስዎም እኮ ክፍል አልገቡም!»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ስም የምጠራው እኔ ነኝ» አሉ። በቃ።

ነገ ከልጄ ጋር ኮሌጁ ድረስ እሄዳለሁ።

እናንተስ? ራሱ ልኳችሁ ራሱ «የት ነበራችሁ?» ያላችሁ ማን ነው? ጻፉልኝ። ዛሬ ስም የምጠራው እኔ ነኝ።