እግር መጥለፍ

የልጅ ልጄ ጂዩጂትሱ የሚሉትን ትግል ካዛንቺስ ትማራለች። እቤት ስትለማመድ እህቷን ምንጣፉ ላይ ዘጭ ስታደርጋት፣ ድምፁ ቂርቆስ፣ ልጅነቴ ድረስ ይወስደኛል።

ወንድሜ እግር ጠልፎ መጣል አስተምሮኝ፣ ጓሮ አፈሩ ላይ ስንለማመድ እንውል ነበር። እናቴን «መጥለፍ ለመድኩ» ስላት የክር ጥልፍ መስሏት ደስ አላት። ጎረቤት በተሰበሰበበት «እስቲ እንዴት እንደምትጠልፊ አሳዪያቸው» አለችኝ። እኔም፣ በቃ፣ አጠገቤ የቆመውን የጎረቤታችንን ልጅ ጠልፌ ዘረርኩት።

አባቱ እየሳቁ «ሴት ትጠለፋለች እንጂ ትጠልፋለች እንዴ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጠለፋ የሚባለውን ያኔ ገና አላውቅም ነበር፤ እናቴ አንገቷን ስትደፋ ግን አየሁ፤ ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባኝ አፈርኩ።

አሁን ልጅቷ «እማማ፣ እግር እንዴት እንደሚጠለፍ ላሳይሽ?» ስትለኝ ፊቴ ጋለ። እንደማያውቅ ሰው «አሳዪኝ» አልኳት።