ቁልቁል በሁለት፣ ሽቅብ በአራት

ልጄን በሥራ ቦታው በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ጆሮ ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የድሮ አለቃው ናቸው። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ ልጄ ማንኪያውን አስቀምጦ ብድግ አለና የውሃ ፓምፑን ሞተር አጠፋው። «ምን ነካህ?» ቢሉት «ኩሽኔታው ያፏጫል፤ ሊበላ ነው» አለ። ከእሱ በቀር ፉጨት የሰማ አልነበረም። ሞተሩ ሲፈታ ግን ኩሽኔታው፣ ያ ዘንጉን አቅፎ የሚያሽከረክረው የብረት ቀለበት፣ ግማሹ ተፍቆ ኳሶቹ ጠቁረው ተገኙ። አለቃውም «እናንተ ሁለት ሁለት ጆሮ ይዛችሁ ትዞራላችሁ፤ ጆሮ ያለው ይሄ ነው» አሉ። ስሙ በዚያው ቀረ።

እኔ አልገረመኝም። በልጅነቱ የእኔን ኮቴ ከጎረቤቶቼ ኮቴ ለይቶ ሳላንኳኳ በር ይከፍትልኝ ነበር። በሩን ከፍቶም «ዛሬ ግራ እግርሽን አሞሻል» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አሞኝ ነበር።

የሚሠራበት የፓምፕ ቤት ከመሬት በታች ነው። ሠላሳ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ምሳውን ረስቶ ወስጄለት ስለነበር ስወርድ ቆጥሬዋለሁ፤ ስወጣም ጉልበቴ አርባ ነው ቢለኝም ሠላሳ አንድ ነው። ታች ሁሉም ሲሚንቶ ነው። ሁለት ሰማያዊ ሞተሮች ነበሩ፤ አንደኛው ለጥገና ተጭኖ ሄዶ ከቀረ ሰባት ወር አልፎታል፣ ቦታው ላይ አራት ብሎኖች ብቻ ቆመዋል። ግድግዳው ላይ የውሃውን ግፊት የሚያሳየው ክብ ጌጅ አለ። ከጌጁ ሥር አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ምራቴ የሰፋችው ትራስ አለ። ልጄ በዚያ ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። በየሰዓቱ ይነሣና የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ያዳምጣል።

ባለፈው ዓመት የድሮው አለቃ ጡረታ ወጡና አዲስ ኢንጂነር መጣ። ልጄን «አንተ» ይለዋል፣ ልጄ «እርስዎ» ይለዋል። የልጄ ፀጉር ሸብቷል፤ የኢንጂነሩ ገና አልሸበተም። ይሁን፣ ወንበር ያናግራል። ኢንጂነሩ በመጣ በወሩ የግፊቱ መዝገብ ተዘጋና በምትኩ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ መጣ። ተረኛው በየሁለት ሰዓቱ ጌጁን ፎቶ አንሥቶ ይልካል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከደረሰ አረንጓዴ፣ ካለፈ ቀይ ይሆናል። ሌሎች ሁለት ትእዛዞችም ነበሩ። አንድ ሰው ምድጃ ሰክቶ ሊያቃጥለን ነበርና ከኤሌክትሪክ ፓኔሉ ላይ፣ የስልክ ቻርጅም ቢሆን፣ ምንም እንዳይሰካ፤ ሆስፒታሉ ውሃ ተቋረጠብኝ ብሎ ከሷልና ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይቆም።

ሁሉም በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ኢንጂነሩ ቀን ቀን እየተፈራረቁ የሚሠሩትን ሁለቱን ተረኞች ሰብስቦ፣ ዓመቱ ሲያልቅ አውቶማቲክ ዕቃ ስለሚገባ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብቻ ትቀራላችሁ አላቸው። የሚቀረው አረንጓዴ የበዛለት ነው። ሁለተኛው ተረኛ ከልጄ በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ ሥራ ላይ ሲያፏጭ የሚውል፣ ፉጨት የሚሉት ሰው ነው። ልጄ ቤት መጥቶ ሲነግረን ምራቴ «አንተ ጆሮ ነህ፣ አንተን ትተው ማንን ሊያስቀሩ ነው?» አለችው። ልጄ ጫማውን ሊፈታ ብሎ ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

ችግሩ ስልኩ ነበር። ጠዋት መቶ ሆኖ ይወጣል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጥቁር መስታወት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀይ ነው። ምራቴ ባትሪው አርጅቷል ብላ አስቀየረችው። አዲሱም ስድስት ሰዓት ላይ ሞተ። ቻርጅ ተሸክሞ የሚዞረውን ዕቃ ገዛን፤ በሁለት ወሩ እንደ በላ ሆድ አብጦ ተጣለ። በመጨረሻ ልጄና እኔ መንገድ ዳር ያለችው ስልክ ሠሪ ዘንድ ሄድን።

«ጋሼ፣ የሚሠሩት የት ነው?» አለችው፣ ስልኩን ሳትከፍተው።

«ከመሬት በታች።»

«ታዲያ ባትሪውን ምን አድርግ ይሉታል? አራት ጂ እዚያ ድረስ በደንብ አይወርድም። ይሄ ስልክ ደግሞ አራትን ያዝ ተብሏል። ስለዚህ ሲጣራ ይውላል። አንዴ ያገኘዋል፣ ይጠፋበታል፣ ወደ ሦስት ይወርዳል፣ እንደገና ይፈልጋል። ሩቅ ያለ ሰው ሲጠሩ ድምፅዎን ከፍ አያደርጉም? ስልክም እንዲሁ ነው፤ ኔትወርክ በራቀው ቁጥር ጮክ ብሎ ይጣራል። ሲጮህ የዋለ ሰው ደግሞ ይደክመዋል።»

«ምን ይሻለኛል ታዲያ?»

«ሁለት ጂ ላይ ያድርጉት። ሁለት እዚያ ጉድጓድ ድረስ ትደርሳለች፤ ሳይጮህ ይውላል፣ ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል።»

«ፎቶውስ?»

«ፎቶማ በሁለት አይሄድም። ሁለት አህያ ናት ጋሼ፤ ጥሪ ትሸከማለች፣ ፎቶ ሲጭኑባት መንገድ ላይ ትተኛለች።» ሳቀችና ስልኩን መለሰችለት። «ታች ሲሆኑ በሁለት ይዋሉ። መላክ ሲፈልጉ ላይ ይውጡና አራት ያድርጉት። ላይ አራት ቅርብ ስለሆነ አይጮህም፣ ቶሎ ልኮ ያርፋል። ሲጨርሱ መልሰው ሁለት።»

ልጄም እንዳለችው አደረገ። ታች ጌጁን ፎቶ ያነሣል፣ ሠላሳ አንዱን ደረጃ ይወጣል፣ ወደ አራት ይቀይራል፣ ይልካል፣ አረንጓዴውን ያያል፣ ወደ ሁለት ይቀይራል፣ ይወርዳል። በቀን አምስት ጊዜ። ማታ ጉልበቱን በሙቅ ጨርቅ እይዝለት ጀመር። ቀዩ ግን ጠፋ። ፉጨትም ዘዴውን ከልጄ ተማረ፤ ልጄ ምንም አልደበቀውም። አንድ ቀን ቤታችን ጎራ ብሎ «ማዘር፣ ልጅዎ ሹፌር ሆኗል» አለኝ።

«የምን ሹፌር?»

«ማርሽ ይቀያይራላ። ቁልቁል በሁለት፣ ሽቅብ በአራት።»

ተሳሳቅን። ከዚያ ወዲያ ልጄ ከሥራ ሲመጣ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ስለው «ቁልቁል በሁለት፣ ሽቅብ በአራት» ይለኛል። የቤታችን ሰላምታ ሆነ። ምነው በቀረ።

ዓመቱ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ልጄ ያንን ፉጨት ሰማ። ሰውየውን ማለቴ አይደለም፤ የኩሽኔታውን። ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ጥርጥር አልነበረውም። ወዲያው እዚያው ታች ሆኖ ደወለ፤ ለጥሪ ሁለት ትበቃለች። የተባባሉትን እሱ እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ።

«ኩሽኔታው ሊሄድ ነው፣ ላቁመው?»

«ምን አየህ?» አለ ኢንጂነሩ።

«አላየሁም፣ ሰማሁ።»

«ጆሮህን ከሪፖርት ጋር አያይዤ ልልክ አልችልም። ቪዲዮ ላክልኝ፣ አይቼ እወስናለሁ።»

«እስከዚያ ላቁመው?»

«ያለ ፈቃድ አይቆምም። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

ልጄ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀረጸ፣ ወጣ፣ ወደ አራት ቀየረ፣ ላከ። ቪዲዮ ግን ፎቶ አይደለም። በዚያ ሰዓት ደግሞ ላይ ያለው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው፤ አራትም ቢሆን ሰው ሲበዛበት ያነክሳል። ሃያ በመቶ አለ። ሠላሳ አምስት አለ። ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ። ወደ ታች ቢመለስ ይቋረጥበታል፤ ቢቆም ሞተሩን የሚያዳምጠው የለም። ቆመ። ሃያ ሦስት ደቂቃ ቆመ። ሞተሩ የቆመ ጊዜ ያወቀው በእግሩ ነው፤ ከጫማው ሥር የነበረው ንዝረት ድንገት ጠፋ። ደረጃውን ሲሮጥ ጭሱ መሐል ላይ ተቀበለው። በዚያው ቅጽበት ስልኩ በእጁ ውስጥ አቃጨለ። ቪዲዮው ደርሶ ነው። አረንጓዴ።

ያገለገለ ሞተር ከሌላ ቦታ መጥቶ እስኪገጠም ከተማው ሁለት ቀን ውሃ አጣ። በሦስተኛው ቀን ልጄን ጠሩት። ኢንጂነሩ፣ ሌላ አንድ ኃላፊና ቃል የምትጽፍ ጸሐፊ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል።

«ሞተሩ ሲቃጠል የት ነበርክ?»

«ላይ ነበርኩ።»

«ሁልጊዜ ትወጣለህ?»

«አዎ። ሁልጊዜ ቁልቁል በሁለት ነው፣ ሽቅብ በአራት።»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ወረቀቱን ሲሰጡት ፈረመ። ልጄ ሰው ፊት ወረቀት አገላብጦ ማንበብ ሰውን አለማመን ይመስለዋል። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

የስንብቱ ደብዳቤ ከነቃል መስጫው ቤት መጣ። ምራቴ ሮጥ ሮጥ አድርጋ አነበበችውና ታችኛው መስመር ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ሁለት ዓመቴ፣ ከእሷው ነው። መሮጥ አልችልም፤ እያንዳንዱን ቃል ረግጬ ነው የማልፈው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተጻፈች አንዲት ቃል አደናቀፈችኝ። እንዲህ ይላል፤ «ሠራተኛው በየቀኑ ወደ ሥራ ቦታው በሁለት ሰዓት እንደሚወርድና በአራት ሰዓት እንደሚወጣ በራሱ አንደበት አምኗል።»

«ሰዓት ብለሃል?» አልኩት።

«ኧረ አላልኩም።»

«እንግዲያው እዚህ ምን ትሠራለች?»

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ከዚያ መስኮቱ ዘንድ ሄዶ ጀርባውን ሰጠን። የሥራ መግቢያው አንድ ሰዓት፣ መውጫው አሥራ አንድ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም።

በማግስቱ አብሬው ሄድኩ። ጸሐፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወንበር ሰጠችኝ።

«እማማ፣ እሳቸው ያሉትን ነው የጻፍኩት።»

«ሰዓት የምትለዋን ማን ጨመራት?»

«በአራት ሲባል ሌላ ምን ይባላል? በአራት ሰዓት ነዋ።»

«ስለ ስልኩ እኮ ነው፣ ልጄ። ሁለት ጂ፣ አራት ጂ የሚሉትን።»

እጇ አፏ ላይ ሄደ። ነገሩ ገባት። ኢንጂነሩን ጠራችው። መጥቶ ቆሞ ሰማን። እንዲህም አለን፤ «እሺ፣ ሰዓት አይደለም እንበል። መተግበሪያው ራሱ እኮ ሁሉም ፎቶ ከላይ እንደተላከ ያሳያል። ሞተሩ ሲቃጠል ሰውየው ታች ነበረ? አልነበረም። ደግሞስ ፈርሟል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚያ ቢሮ ሁለቱም ነበሩ።

ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ ልጄ «ቪዲዮ ላክ ሲለኝ ማጥፋት ነበረብኝ» አለ። «ጆሮዬን ማመን ነበረብኝ።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውን አሰብኩ። ቢሮ ውስጥ ስሙ ለስንብት ከተያዘ ስንት ጊዜ እንደሆነው ከፓምፕ ቤቱ በር ጠባቂ ጀምሮ ሁሉም ያውቅ ነበር። የኩሽኔታ ሹክሹክታ የሚሰማው ልጄ ይህን አልሰማም።

አውቶማቲክ የተባለው ዕቃ እስካሁን አልመጣም። ፉጨት በሥራው ቀርቷል። ልጄ ቤት ይውላል፤ የጎረቤት ቧንቧና የበር ማጠፊያ ይጠግናል። ስልኩን ሁልጊዜ ሁለት ላይ ነው የሚያደርገው። ምራቴ «አሁን እኮ ከመሬት በላይ ነህ፣ አራት አድርገው፣ ፎቶ እንኳ አይገባልህም» ስትለው «የሚልክልኝ ማን አለና» ይላታል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ፉጨት ነው። ድምፁ ሳቅ የለበትም።

«ጆሮ፣ እስቲ ስማልኝ። ስልኩን ሞተሩ ላይ ላድርገው?»

«ካቻቪቴውን ሞተሩ ላይ፣ ስልኩን እጀታው ላይ አድርገው።»

ልጄ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከአጠገቡ ሆኜ የምሰማው ዝናብ የመሰለ ነገር ብቻ ነው።

«ግራሶ መቼ ቀባኸው?»

«ትናንት።»

«እንግዲያው ኩሽኔታው ነው። አቁመው።»

«ባቆመው አንተን እሆናለሁ» አለ ፉጨት። «ባላቆመውም አንተን እሆናለሁ።»

ልጄ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ለኢንጂነሩ ደውዬለት ነበር» አለ ፉጨት። «ቪዲዮ ላክ ብሎኛል፤ ቀርጬዋለሁ። በቃ፣ ልውጣ።»

ስልኩን መዝጋት ረሳው፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው መሰለኝ። ልጄም አልዘጋውም። ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይዞ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ደረጃውን እየቆጠረለት ነበር። ሠላሳ አንድ ላይ ከንፈሩ ቆመ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

«ወደ አራት ቀየረው» አለ ልጄ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ።