ለወንድም ጋሼ የተላኩ ድምፆች

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እጠራጠራለሁ። የሞቱትን ሰው በአካል አላውቃቸውም፤ የእኔም ጥፋት ዝም ማለት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ከረገንስዶርፍ ወደ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ፣ ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልጅ በስልኳ የጨረቃን ጀርባ ፎቶ ስታይ በመስኮቱ መስታወት አየኋት። መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።

አራቱ ጠፈርተኞች ጨረቃን ዞረው የተመለሱበት ጸደይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ እስኪከፈት እጠብቃለሁ። የእናቴ አጎት ጋሼ ተፈራ ጄኔቭ፣ ፓኪ በሚባለው ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ቤት በገቡ በሳምንቱ፣ አዲስ አበባ ያሉት፣ ወንድም ጋሼ የሚሏቸው ታላቅ ወንድማቸው ሞቱ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተመካከሩና፣ «ስፌቱ ይጠግግ፣ ዓመት በዓሉንም በሰላም ይዋሉ። መርዶው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ይሁን» አሉ።

እናቴ እኔን ላከችኝ። «መድኃኒታቸውን ስጪያቸው። አደራ፣ ፊትሽ እንዳያሳብቅ» አለችኝ። የታዘዝኩትን በደንብ መሥራት የምወድ ልጅ ነበርኩ።

ጋሼ ልጅ ሳሉ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ሲባል በጎረቤት ሬዲዮ ሰምተው ሮጠው ለወንድማቸው ቢነግሩ፣ ወንድም ጋሼ «ውሸታም» ብለው ጆሯቸውን ቆነጠጧቸው። ከዚያ ወዲህ ሲከራከሩበት ኖሩ። ወንድም ጋሼ እስከ ሽምግልናቸው አላመኑም፤ ወይም ያላመኑ መስለው ማብሸቅ ይወዱ ነበር።

መንኮራኩሯ የተነሣች ጊዜ ጋሼ የጾም ምስራቸውን ገፋ አድርገው ስልካቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ወንድም ጋሼ፣ አራት ሰው ልከዋል፤ አንዷ ሴት ናት። እንግዲህ ጆሮዬን መልስልኝ።» ወደ እኔ ዞረው፣ «አሁን ይሰድበኛል፣ ጠብቂ» አሉ።

ከመልእክቱ ሥር ያሉት ሁለት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። ተሰምቷል ማለት ነው። መልስ ግን አልመጣም። የሟቹ ስልክ ልጃቸው ሰላም ጋ እንዳለ አውቅ ስለነበር ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልኩላት።

«ለምን ትከፍቺዋለሽ?» አልኳት።

«ድምፃቸው የአባዬን ይመስላል» አለችኝ። ዘግቼ ተመልሼ ገባሁ።

ጋሼ በየቀኑ ላኩ። ከሰዓት በኋላ ሐኪም ባዘዘው መሠረት ሐይቁ ዳር እናዘግማለን፤ ቢዝ የሚሉት ብርዳም ነፋስ ኮታቸውን ያራግበዋል። በየአግዳሚ ወንበሩ ተቀምጠው ስልኩን ያያሉ።

«ኔትወርክ ይሆናል» እላለሁ።

«ኔትወርክ ከሌለ በምን ሰማው?»

«የሁዳዴ ስግደት በዝቶባቸው ይሆናላ።»

«እሱ? ሲሰግድ አይቼው አላውቅም» ብለው ሳቁ። ለመጨረሻ ጊዜ የሳቁት ያን ቀን ነበር።

ሰዎቹ ከጨረቃ ጀርባ ገብተው አርባ ደቂቃ ያህል ድምፃቸው የጠፋ ጊዜ እኛ ተኝተን ነበር። ጠዋት በቴሌቪዥን ሲደገም አየነው። ድምፃቸው ሲመለስ ምድር ላይ ያሉት በደስታ ተቃቀፉ። ጋሼ ስልካቸውን አነሱ።

«ከጨረቃ ጀርባ ያሉት እንኳ መለሱ። አንተ ካዛንቺስ ቁጭ ብለህ ኮራህብኝ። ልቤ ሲቀደድ እንዴት ነህ አላልከኝም። እንግዲህ እኔም ወንድም እንደሌለኝ እቆጥራለሁ።»

ብርቱካን እየላጥኩላቸው ነበር። ልከውት ስልኩን ደፉት። እኔ ብርቱካኑን ልጬ ጨረስኩ።

ሰዎቹ ባሕር ላይ በሰላም ሲወርዱ ጋሼ ቴሌቪዥኑን አላበሩም። የፋሲካውንም ዶሮ ቀመስ አድርገው ተዉት።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ ገና ሲነጋ፣ እናቴን ጨምሮ ዘመድ ከዙሪክና ከአድሊስቪል መጥቶ በራቸውን አንኳኳ። ጥቁር የለበሱትን ሴቶች ሲያዩ ገባቸው። አልጮኹም።

«መቼ?» ብቻ አሉ።

«ወር ሊሞላው ነው» አሏቸው።

በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ፈልገው አዩኝ። «ታዲያ ድምፄን ማን ሲሰማ ከረመ?»

«ሰላም።»

«የመጨረሻዋንም?»

እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። «ሰምታለች» አልኩ።

«ለነዚያ ጨረቃ ለሄዱት ሰዎች እንኳ ቀድሞ ተነግሯቸዋል። ከዚህ እስከዚህ ድምፅ የለም ተብለዋል» አሉ ጋሼ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አላናገሩኝም።

በጋው ሲገባ አስጠሩኝ። «አንቺ ያዢልኝ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ጎንበስ ብለው፣ «ወንድም ጋሼ፣ ወንድም አለኝ» አሉ። ላክሁት። ሰላም ከአርባው ቀን ተዝካር በኋላ ስልኩን ዘግታዋለች፤ አንድ ግራጫ ምልክት ብቻ ታየች፤ አልደረሰም ማለት ነው።

እናቴ አሁንም አደራዬን በደንብ ጠበቅሽ ትለኛለች። እኔ የማስታውሰው ብርቱካኑን ነው። ጄኔቭ ስሄድ ጋሼ ስልኩን ያቀብሉኝና «እስኪ እያት» ይሉኛል። ምልክቷ ዛሬም አንድ ናት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ድምፅ አልላኩም። ያችን የላክንባት ቀን ሰኔ አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት ነበረች።