ውሃ የወሰዳት ሎሚ

ልጅ እያለሁ ታላቅ ወንድሜ ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ፣ ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሱቋ የጋለ ፕላስቲክና ከመንገድ የሚገባ የባጃጅ ጭስ ትሸት ነበር። ገበያ በሌለ ቀን ኮምፒውተሩን ለእኔና ለየሺ ይለቅልናል። የሺ የአጎቴ ልጅ ናት። ክረምት እነሱ የሚኖሩበት የፎገራ ሜዳ በውሃ ሲሞላ አጎቴ እኛ ቤት ያመጣትና ውሃው ሲጎድል መጥቶ ይወስዳታል።

የምንጫወተው ሁሉ ነገር ከኩብ የሚሠራበትን ጌም ነበር። ወንድሜ በፍላሽ ያመጣው ደግሞ ሌሎች ተጫዋቾች ከዋናው ጌም ላይ ንብና ብዙ ዓይነት ዛፍ የጨመሩበት ነው። ሁለት የተለያዩ ዛፎች ጎን ለጎን ተክለን መሃላቸው ቀፎ እናስቀምጣለን። ንቦቹ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ያደርሳሉ፤ አንዳንድ ቅጠል መልኩ ይለወጣል። ያንን ቅጠል ስንበጥስ፣ ከቀናን፣ ሁለቱንም ወላጆቹን የማይመስል ችግኝ ይወጣል። ሎሚ ካልሆኑ ዛፎች ሎሚ እንደሚገኝ ወንድሜ ሲነግራት የሺ ሳቀችበት። ወዲያው ግን እልህ ያዛት።

«ሲያፈራ ሳላይማ አልሄድም» አለች።

ክረምቱን ሙሉ ሞከርን። መብራት ይጠፋል፤ ደንበኛ ሲመጣ ወንድሜ ያስነሳናል፤ ቅጠሉ ይለወጥና ሌላ ነገር ይወጣል። መስከረም ገብቶ የሜዳው ውሃ መሸሽ ሲጀምር አንዲት የሎሚ ችግኝ ወጣችልን።

እኔ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሺ ተከለቻት። ከዚያም አባቷ ለሩዝ እንደሚያደርገው ዙሪያዋን በአፈር ከተረች፣ በአንድ በኩል መውጫ ተወች፣ ውሃም ለቀቀችባት። እሷ ባደገችበት አገር የሚተከል ነገር እግሩ ውሃ ውስጥ ይቆማል። በጌሙ ግን የሚፈስ ውሃ ችግኝ ይነቅላል። ስመለስ ሎሚያችን በመውጫው ተንሳፋ ሄዳለች። ፈለግናት፤ ወድቆ የቆየ ነገር በዚያ ጌም በራሱ ይጠፋል።

«እኔኮ ትጠጣ ብዬ ነው» አለችና አለቀሰች። እኔም ከፋኝ።

በዚያው ሳምንት አጎቴ መጥቶ ወሰዳት። በሚቀጥለው ክረምት አልመጣችም፤ ለሥራ ደርሳለች ተባለ።

አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ወንድሜም ሌላ ሥራ ይዟል። በቅርቡ ይፋግ አካባቢ ትዳር የያዘችውን የሺን ልጠይቅ ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ ከፍ ተደርጎ በተቆለለ አፈር ላይ ጉልበቴን የማታልፍ የሎሚ ችግኝ ቆማለች።

«ውሃ እንዳይወስዳት ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት። ሁለታችንም ሳቅን።

ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ እናቴ ጤና አወራን። ያኔ እየመጡ የሚወስዷት እሷን ነበር፤ አሁን ሰዓቴን እያየሁ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልሰናበታት ስነሳ ችግኟን ዞር ብላ አየቻት።

«እንግዲህ አንተ ሲያፈራ ሳታይ ልትሄድ ነው» አለች።

አዎ አልኳት። በማግስቱ ሥራ ነበረኝ።