የሚዛኑ ቀኝ ሰሃን

ፈርሐት ጃፈር መንገድ ስትሄድ እርምጃዋን ትቆጥራለች ብለው የሚያሟት ሰዎች ቦንጋ ውስጥ ነበሩ። ሐሜቱ ውሸት አልነበረም። ከቤቷ እስከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ያለውን ዳገት በእርምጃዋ ለክታዋለች። የመስጊዱን ሚናራ ቁመት ደግሞ በጥላው አስልታ አውጥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። እናቷ እትዬ ሰብሪያ "ፊዚክስ ነው፤ ስታገባ ይለቃታል" እያሉ ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር። አግብታም አልለቀቃትም።

ጅማ ተምራ ስትመለስ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ተሰጣት። ጊዜው ትምህርት በሳተላይት የሚወርድበት ነበር። በየክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሏል፤ እዚያ ውስጥ ያሉት መምህር በእንግሊዝኛ ይንደቀደቃሉ፣ ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ፣ ተማሪው ርዕሱን ጽፎ ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ለክፍሉ መምህር የተረፈለት ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነበር ማለት ይቻላል። ደግነቱ ቦንጋ ላይ ዝናብ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ ዝናብ የማይመጣበት ቀን ደግሞ ጥቂት ነው። ሌሎች መምህራን መብራት ሲጠፋ ያማርራሉ። ፈርሐት ግን እጅጌዋን ሰብስባ ከቦርሳዋ ክርና ማስመሪያ ታወጣለች።

አንድ ሐሙስ መብራቱ እንደ ልማዱ ሄደ። ፈርሐት ቤቷ ያዘጋጀቻቸውን ሁለት ትንንሽ ሚዛኖች ጥቁር ሰሌዳው ፊት ሰቀለች። እያንዳንዱ ከማስመሪያ የተሠራ ነው፤ በሁለቱ ጫፎቹ የለስላሳ ቆርኪ በክር ተንጠልጥሎበታል። ሁለቱም ባዷቸውን ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ትክክለኛው የትኛው ነው?" አለች።

"ሁለቱም" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

በሁለተኛው ሚዛን ግራ ቆርኪ ላይ ባቄላ፣ በቀኙ ላይ ጠጠር እያደረገች እኩል እስኪሆኑ ሞላች። ከዚያ ባቄላውንና ጠጠሩን ቦታ አለዋወጠቻቸው። እኩል የነበረው ሚዛን ወዲያው አጋደለ። ከኋላ የተቀመጡት ለማየት ወንበር ላይ ወጡ።

ፈርሐት ተንኮሏን ገለጠች። ማስመሪያው የተንጠለጠለበትን ክር ከመሃል ትንሽ ገፋ አድርጋዋለች፤ ባዶውን እንዳያጋድል ደግሞ አንዱ ቆርኪ ሥር ሰም ለጥፋበታለች። "ክብደት ብቻውን አይፈርድም" አለቻቸው። "ከመሃሉ ያለው ርቀትም አብሮ ይፈርዳል። ግንድ ላይ ጣውላ አጋድማችሁ ስትጫወቱ፣ ወፍራሙ ልጅ ወደ መሃል ጠጋ ብሎ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ እኩል ትሆኑ የለ? ሚዛንም እንደዚያው ነው። አንዱ ክንድ ከረዘመ፣ እሱ ላይ የተቀመጠው ትንሽ ነገር ብዙ ይመስላል። ባዶውን እኩል መቆሙ ምንም አያረጋግጥም። ዕቃውንና መመዘኛውን ቦታ ስታለዋውጡ ነው ሚዛኑ የሚጋለጠው።"

ከፊት የተቀመጠችው ሚስጥር ተሰማ እጇን አወጣች። ይቺ ልጅ ከጠየቀች መያዣ መጨበጫ ያለው ነገር አትጠይቅም።

"ቲቸር፣ የአባትዎ ሚዛን እንዲህ ተፈትኖ ያውቃል?"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ፈርሐትም ሳቀች። የአባቷን፣ የባለሱቁን የጃፈርን ሚዛን መጠርጠር ማለት በቦንጋ ገበያ የሚያስቅ ነገር ነበርና። ሌላ ሱቅ ሥጋ የገዛ፣ ማር የሸመተ፣ ከጎረቤቱ ጋር ቅርጫ የተካፈለ ሰው ልቡ ከተጠራጠረ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወደ ጋሽ ጃፈር ይመጣል። እሳቸው መዝነው የተናገሩት ያበቃለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር የለም።

"ቅዳሜ ኑ" አለች ፈርሐት፣ አፏን ሞልታ። "እናንተው ትፈትኑታላችሁ። ከተሳሳተ ገበያው ፊት ቆሜ በራሴ አፍ እናገራለሁ።"

ማታውኑ ለአባቷ ነገረቻቸው። ጋሽ ጃፈር ምንም አልመሰላቸውም። "ይምጡ፤ ሚዛን ሲመዝን መታየት ነው ያለበት" አሉ። የተጨነቁት እትዬ ሰብሪያ ናቸው። ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው፣ "እስቲ ሰው ሳይኖር ቀድመሽ ሞክሪው፤ ምን ቸገረሽ?" አሏት።

"እማዬ፣ ፈተናን ቀድሞ ማየት ኩረጃ ነው።"

ይህን ያለችው ቀልዳ አይደለም። ልጅ ሆና ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ ያደገችው የሱቁን ሚዛን የናስ ዘንግ ሽቅብ እያየች ነው። አያቷ ኸሊፋ ከስልጤ አገር መጥተው ዋጫ ከተማ ሱቅ ሲከፍቱ የገዙት ሚዛን ነው፤ ለልጃቸው ያወረሱትም ከነደንቡ ነበር። ደንቡ አጭር ነው፤ የሰው ንብረት በቀኝ ሰሃን፣ መመዘኛው ብረት በግራ። ለሰው በግራ እጅ እንደማይሰጥ ሁሉ የሰው ዕቃ በግራ አይመዘንም። ጋሽ ጃፈር ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ብረት በቀኝ አስቀምጠው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱም ባዶው ሚዛን ቀጥ ብሎ መቆሙን ለመጀመሪያው ደንበኛ ሳያሳዩ ሥራ አይጀምሩም። ደንበኛው ግን ሚዛኑን ማየቱን ትቶ ፊታቸውን ያያል፤ እሱ በቂው ነው።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞቅ ተማሪዎቹ መጥተው የሱቁን ደጃፍ ሞሉት። እትዬ ተሾመች ባንኮኒው ጋ ቆመው ነበር። ከገጠር ኮረሪማ አምጥተው ለጋሽ ጃፈር የሚሸጡ፣ በዚያው ስኳርና ጨው ገዝተው የሚመለሱ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ናቸው። አንድ ኪሎ ስኳራቸው አሁን ተመዝኖ ቀኙ ሰሃን ላይ ተቀምጧል፤ የኪሎው ብረት በግራ፣ ዘንጉ ቀጥ ብሏል።

"እትዬ ተሾመች፣ ስኳሩን ለትንሽ ጊዜ ልዋስዎት?" አለች ፈርሐት።

"ውሰጂ ልጄ፤ የት ይሄዳል።"

ፈርሐት ስኳሩን ወደ ግራ፣ ብረቱን ወደ ቀኝ አዛወረችና እጇን ለቀቀች። ብረቱ ወደ ታች ወረደ። ስኳሩ ወደ ላይ ተሰቀለ።

ፈርሐት ዘንጉን በጣቷ አረጋግታ እንደገና ለቀቀችው። ብረቱ አሁንም ወረደ። ሚስጥር እንኳ፣ ጥያቄውን ያመጣችው ሚስጥር፣ "ቲቸር፣ ነፋስ ይሆናል" አለች በቀስታ። ነፋስ አልነበረም።

የምትይዘው የምትጨብጠው ሲጠፋት ፈርሐት የምታውቀውን ሥራ ሠራች። የግራውን ሰሃን ባዶ አድርጋ ገለበጠችው። ሥሩ ላይ የተጣበቀ ትንሽ የብረት ቁራጭ አለ።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ጋሽ ጃፈር መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ቆይቶም ትዝ አላቸው። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ከዋጫ ወደ ቦንጋ ሲዛወሩ ሚዛኑ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ነበር። የቀኙ ማንጠልጠያ ተሰብሮ፣ አንድ ቀጥቃጭ ወደ ጫፉ ጠጋ አድርጎ ሌላ ቀዳዳ በሳለት። ባዶውን ወደ ቀኝ ሲያጋድል ደግሞ ያቺን ቁራጭ ግራው ሥር ለጠፈበትና ቀጥ አለ። "ቀጥ ሲል ዳነ ብዬ ነው የተቀበልኩት" አሉ።

የቀኙ ክንድ ረዝሟል ማለት ነው። ፈርሐት ሐሙስ ዕለት በሰምና በክር የሠራችው ተንኮል ይኸው አባቷ ሱቅ ውስጥ ያለ ማንም ተንኮል ተሠርቶ ኖሯል። ብረቱ አንድ ቀን እንኳ በስህተት ቀኝ ላይ ቢቀመጥ ይጋለጥ ነበር። ደንቡ ግን ይህን አልፈቀደም፤ ለሰው ሲባል የተጠበቀው አክብሮት ነው ስህተቱን ለዓመታት ሸፍኖ ያቆየው።

ሰሃኑ ተመልሶ ተሰቀለ። ስኳሩ በግራ፣ ብረቱ በቀኝ እንዳሉ፣ ሚስጥር እኩል እስኪሆኑ ድረስ በሻይ ማንኪያ ስኳር ጨመረች። አራት ማንኪያ ገባ።

"ከየኪሎው አራት ማንኪያ ጎድሏል ማለት ነው" አለ ከተማሪዎቹ አንዱ።

"ሁለት ነው" አለች ፈርሐት። "ስኳሩ በረጅሙ ክንድ ሲመዘን ጎደለ። አሁን ደግሞ ወደ አጭሩ ስናዞረው ያው ስህተት በሌላ በኩል ተደገመ። የጨመርነው የሁለቱን ድምር ነው፤ እውነተኛው ጉድለት ግማሹ ነው።"

ጋሽ ጃፈር ስለ ማንኪያው አልተከራከሩም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። "ለማን ነው የሚያደላው?"

ፈርሐት ዓይናቸውን ማየት ከበዳት። ቢሆንም እውነቱን መናገር ነበረባት። "ሲሸጡ ለእርስዎ ነው አባዬ። ሲገዙ ደግሞ ለሻጩ። እትዬ ተሾመች ስኳር ሲገዙ ይጎድልባቸዋል፤ ኮረሪማ ሲሸጡ አንድ ኪሎ ሳይሞላ አንድ ኪሎ ይባልላቸዋል።"

"እኔ ሳላውቅ" አሉ ጋሽ ጃፈር። "ለአላህ ይህን እነግረዋለሁ፤ እሱ ያውቃል። ለሰውስ ማን ይነግርልኛል?"

"እኔ።"

ከሱቁ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። የጃፈር ሚዛን ቀኝ ክንዱ ረዝሞ መገኘቱን፣ ሲሸጥ እንደሚያጎድል፣ ሲገዛ ለሻጩ እንደሚያደላ፣ ያገኙትም ተማሪዎቿ መሆናቸውን ለገበያው ተናገረች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እትዬ ተሾመች ከውስጥ ሆነው "እንግዲህ እኔም ኮረሪማ ጨምሬ ልመልስ ነው?" ሲሉ ግማሹ ሳቀ። የቀረው ዝም አለ፤ ፈርሐትን ያስፈራት ያ ዝምታ ነው።

ተመልሳ ስትገባ አባቷ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ነበር። "ዘንጉን የሚያስተካክል ሰው ጅማ እንጂ እዚህ የለም" አሉ። "እስከዚያ ሱቁን ልዝጋ?"

"አይዘጋም። በጠማማ ሚዛንም ቀጥ አድርጎ መመዘን ይቻላል።"

መንገዱን አሳየቻቸው። ብረቱ መጀመሪያ በቀኝ ይቀመጣል። በግራ በኩል እኩል እስኪሆን በቆሎ ይፈስበታል። ከዚያ ብረቱ ተነሥቶ በእሱ ቦታ ስኳሩ ይጨመራል፤ ዘንጉ ቀጥ ሲል በትክክል አንድ ኪሎ ነው። ብረቱም ስኳሩም በተራ የተቀመጡት በዚያው ክንድ ላይ ስለሆነ፣ ክንዱ ረዘመም አጠረ ለሁለቱም የሚፈርደው እኩል ነው። በቆሎው ምስክር ነው እንጂ መመዘኛ አይደለም።

"ብረቱ በግራ ሆኖ አይሆንም?"

"አይሆንም አባዬ። ስኳሩ በሚቀመጥበት ቦታ መሆን አለበት።"

ጋሽ ጃፈር የኪሎውን ብረት በእጃቸው ይዘው ቆዩ። ፈርሐት ገብቷታል፤ ከአባታቸው ከኸሊፋ የወረሱትን ደንብ ነው ይተዉ ያለቻቸው። አዝና እጇን ዘረጋች፣ እሷው ልታስቀምጠው። "ተይው" አሉና ራሳቸው ቀኙ ሰሃን ላይ አኖሩት። በቆሎውን አፈሰሱ፤ ብረቱን አንሥተው የእትዬ ተሾመችን ስኳር ገለበጡ፤ ሚስጥር ከጨመረችው አራት ማንኪያ ትርፉን ሁለቱን ቀንሰው፣ የጎደለውን ሁለቱን ትተው ሰጧቸው።

ያን ሳምንት ፈርሐት ክፍል ገብታ ስለ ግጭትና ስለ ፍጥነት ስታስተምር ቀልቧ ግማሹ ሱቁ ጋ ነበር። ሰው አይመጣ ይሆን? አባቷ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ቢውሉ ምን ትላቸዋለች? ትክክል እንደሠራች አልተጠራጠረችም፤ ትክክል መሆኗ ግን ሆዷን አላሞቀውም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እርምጃዋን ሳትቆጥር ወደ ሱቁ ወረደች። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። አንድ ኪሎ ለመመዘን ሁለቴ መመዘን ስለሚያስፈልግ ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ያም ሆኖ ወደ ሌላ ሱቅ የሄደ የለም። ከፊት የቆመው ሰው ግን ቸኩሏል።

"ጋሽ ጃፈር፣ ይሄ በቆሎ ምን ያደርጋል? እኛ እኮ እናምንዎታለን። ዝም ብለው እንደ ድሮው ይመዝኑልኝ።"

"እስከ ዛሬም ያመናችሁት እኔን ነበር" አሉ ጋሽ ጃፈር። "አሁን እኔን ተዉኝና ሚዛኑን እዩልኝ።"

ብረቱን አንሥተው ቀኙ ሰሃን ላይ አስቀመጡት፤ ሰውየውም ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን አየ።